አዳምስን በምርጫው ብቻ አትመዝኑት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሁለተኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስን እ.ኤ.አ. በ1800 ምርጫ የተሸነፈ ደካማ ፕሬዚዳንት ብሎ ማለፉ በጣም ከነከነኝ። ከፈረንሳይ ጋር የሆነውን እንይ። ፈረንሳይ እኮ የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት አጋር ነበረች። በ1797 ግን የአሜሪካ መልእክተኞች ፓሪስ ሲደርሱ፣ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የታሌይራንድ ሰዎች ከድርድሩ በፊት ጉቦና ብድር ጠየቋቸው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ፒንክኒ ቤሳ ቤስቲን አንሰጥም አላቸው። ወሬው አሜሪካ ሲሰማ ሕዝቡ በንዴት ጦፈ፤ ባሕር ላይም የሁለቱ አገሮች መርከቦች ተታኮሱ። አዳምስ ያኔ ጦርነት ቢያውጅ ጭብጨባው የእሱ ነበር። እሱ ግን በ1799 የራሱን ሚኒስትሮች እንኳ ሳያማክር ወደ ፈረንሳይ የሚላክ የሰላም መልእክተኛ አጨ። ፓርቲው ተሰነጠቀ። የዚያው ፓርቲ መሪ ሃሚልተንም በምርጫው ዋዜማ በጽሑፍ አብጠለጠለው። የሰላም ስምምነቱ በ1800 ተፈረመ፤ ወንበሩን ግን ተቀናቃኙ ጀፈርሰን ወሰደው። አዳምስን መውቀስ ካስፈለገ፣ ተቺ ጋዜጠኞችን ያሳሰረው የ1798 ሕግ አለ። በሰላሙ ግን አይወቀስም።