እርማት፦ በዜና ያልታየ መንግሥት ሁሉ ከነገሩ ውጭ ነው ማለት አይደለም
ወንድማችን፣ ትናንት ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠን «ቻይና በዚህ ሁሉ የመካከለኛው ምሥራቅ ውጥረት ስትናገር አልታየችም፤ የለችበትም ማለት ነው» ያሉት የብዙ ሰው እምነት ቢሆንም ልክ አይደለም። ዜና የሚያሳየን መግለጫ የሰጠውን ነው፤ የወሰነው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከኩባ ሚሳኤል ቀውስ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1962 በቴሌቪዥን ቀርበው ሶቪየት ኅብረት ሚሳኤሎቿን ከኩባ እንድታነሣ ሲጠይቁ ዓለም ሰማ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ወንድማቸው ሮበርት ለሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን በቱርክ የተተከሉት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳኤሎች እንደሚነሡ የሰጡት ቃል ግን በምሥጢር በመያዙ፣ ብዙዎች የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ አንዳች ሳያገኙ ያፈገፈጉ መስሏቸው ለዓመታት ኖረዋል። በቅኔው አገር ያደገ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ መነሣቱ ትንሽ አስገርሞኛል፤ በቀልድ ይውሰዱልኝ።

ቻይናንም በተመለከተ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢራን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ግንኙነታቸውን ለማደስ የተስማሙት ቤጂንግ ላይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ኢራቅና ኦማን ያስተናገዷቸው ውይይቶች በአብዛኛው በዝግ በር የተካሄዱ ነበሩ። እርግጥ ዝም ያለ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ እየሠራ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ስለዚህ አለችበት ወይም የለችበትም ከማለት በፊት በጸጥታው ምክር ቤት የምትሰጠውን ድምፅና ከኢራን የምትገዛውን ነዳጅ ማየት ይሻላል።