የጡረታ ሌባን የጠቆመ ሰው ማን ይጠብቀዋል?

ስለ ጡረታ ማጭበርበር ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን የሞተ ሰው ጡረታ የሚበላ ዘመድ ነው። እሱም ስርቆት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ለጡረታ ፈንዱ ሳይገባ የሚቀረው ብር ነው።

እዚህ ጅማ ቡና መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ሴት እናስብ። ደመወዟ 5,000 ብር ነው እንበል። ከእሷ 7 በመቶ፣ 350 ብር፣ ይቆረጣል። አሠሪው 11 በመቶ፣ 550 ብር፣ ይጨምራል። በወር 900፣ በዓመት 10,800 ብር መሆኑ ነው። የደመወዝ መክፈያው (ፔሮሉ) ላይ ሁሉም ነገር ሥርዓት ይዞ ተጽፏል፣ እሷም በየወሩ ትፈርማለች፤ ገንዘቡ አለመግባቱን የምታውቀው ግን 60 ዓመት ሞልቷት ጡረታዋን ልታስከብር ስትሄድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ድርጅቱ ተዘግቶ ቢሆንስ?

ይህን ቀድሞ የሚያውቀው ፔሮሉን የሚሠራው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እሱም የቤት ኪራይ አለበት፣ ልጆች ያሳድጋል። ጅማ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ጠዋት የጠቆምከው ነገር ማታ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ይወራል።

ታዲያ ሕጉ ምን ይለዋል? የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን መደበቅም፣ አካላዊ ጥበቃም ውስጡ አለ። ግን በር ላይ ያቆምሃል። ጥበቃው የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ደግሞ የተራ ማታለል ጣሪያ 5 ዓመት ነው። በተራ ማታለል ጡረታ የሚበላን ጎረቤቱን ያጋለጠ ሰው በዚህ ስሌት ከአዋጁ ውጭ ይቀራል። ይሄ ትልቅ ክፍተት ነው፣ ሰው ዝም የሚለውም በፍርሃት እንጂ ግድ ስለሌለው አይመስለኝም።

ለሠራተኛው ግን አንድ ጠንካራ መከታ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረት፣ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ከተባረራችሁ ወደ ሥራ ለመመለስ ወይም ለካሳ መክሰስ ትችላላችሁ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው ክስ በ3 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ፣ ሽማግሌ ልላክ፣ ትንሽ ልጠብቅ እያላችሁ ቀኑን አታሳልፉ!

ጥቆማውን ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ አስገቡ። መዝገብ ቤት ቅጂያችሁ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ካላደረገላችሁ አትውጡ፤ በኋላ "የተባረርኩት ከቅሬታዬ በኋላ ነው" ብላችሁ የምታስረዱት በዚያች ወረቀት ነው። የፔሮሉን ፎቶ፣ የባንክ ማስረጃችሁንና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ቤት አስቀምጡ።

ከፓርላማ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው። የ10 ዓመቱ መስፈርት በሕዝብ የጡረታ ገንዘብ ላይ ለሚፈጸም ማጭበርበር ይነሳ፣ ጥበቃውም ሠራተኛ ላልሆነው ጎረቤት ጭምር ይድረስ።