እርማት፦ የስቴት ድጎማ ለሥራ አጥ ብቻ አይደለም

በአሜሪካ «ሥራ ካለህ ስቴቱ ለጤና ኢንሹራንስ አይረዳህም» የሚባለው ስህተት ነው። ይህን ሰምተው ሳያመለክቱ የሚቀሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። በዋናነት የሚታየው የቤተሰቡ ገቢና ብዛት ነው። የማሳቹሴትስን ስቴት ለምሳሌ እንውሰድ። ኮኔክተርኬር በሚባለው ፕሮግራም ስቴቱ በፌደራሉ ድጋፍ ላይ የራሱን ገንዘብ ይጨምራል። ወርሃዊ ክፍያውም፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትከፍሉትም ይቀንሳል። ታክሲ እየነዳ በግሉ የሚሠራ ሰው ገቢው ከገደቡ ካላለፈ ማመልከት ይችላል። አሠሪው አቅሙን ያገናዘበ ኢንሹራንስ የሚያቀርብለት ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። ወሬው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይገባል። ደግሞ እባካችሁ፣ ገቢያችሁ ከጨመረ ቶሎ አሳውቁ። አለበለዚያ ታክስ ስታስገቡ ከፌደራሉ ድጋፍ ከሚገባችሁ በላይ የተከፈለላችሁን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።