«ሸተተኝ» ስንት ዓመት ያሳስራል?

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ድንኳን ውስጥ፣ ቆሎ እየቆረጠምን። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። ሲነገራቸው ዞር ብለው አዩኝ። «ያንን ጠጥቶ ሰው የገጨ ሹፌር የምትሟገትለት አንተ ነህ አሉ?»

ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ። «አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሕግ መተንተን ነውር ነው። ስለዚህ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል አንድ ቦታ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከገበያ የሚመለስ እግረኛ ገጨ። ሰውየው እዚያው ሞተ። ሹፌሩ ሕዝቡን ፈርቶ መኪናውን ጥሎ በማሳ ውስጥ አቋረጠ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶም እጁን ሰጠ። ስለ መጠጥ መዝገቡ ላይ ያለው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ተረኛው ፖሊስ «አረቄ አረቄ ሸተተኝ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። በቃ። ትንፋሹ አልተለካም። ደሙ አልተወሰደም። ይንገዳገድ አይንገዳገድ እንኳ የጻፈ የለም።

ይህች መስመር ስንት እንደምታወጣ ላሳያችሁ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት፣ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሹፌር ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮም አለበት። ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ከተሻገረ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮውም ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር ይደርሳል። ወደዚያ የሚያሻግሩ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው መግደል አንዱ ነው። ለደንበኛዬ ግን ድልድዩ መጠጥ ነበር። ዐቃቤ ሕግ በዚያ በኩል ነው የመጣው። የአንድ ሰው አፍንጫ አሥር ዓመት ልትጨምርበት ትችላለች ማለት ነው።

ደግሞ ሕጉ «ጠጥቶ ከተገኘ» ብቻ አይልም። ሰውየው በመጠጥ ራሱን ለሥራው ኃላፊ ሊሆን ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ማድረሱን ነው የሚጠይቀው። አንድ መለኪያ የቀመሰና ራሱን የሳተ ሰው ሽታቸው አንድ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ጠላ ከጉልበቱ ሽታው ይብሳል።

ምስክሩን ጠየቅሁት። ምን ያህል ጠጥቷል? አላውቅም። መቼ ጠጣ? አላውቅም። ታዲያ አረቄ መሆኑን በምን አወቅህ? «እንዴ! ጎጃም አይደለም እንዴ ያደግሁት?» አለ። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ መልሱ እኮ እውነት ነው። ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ አሥር ዓመት ተንጠልጥሎ ነበር።

የሚያናድደኝ ሕጉ ስለሌለ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 ላይ ግልጽ ነው። መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ካገኘው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ያደርጋል፤ ምርመራው ደም መውሰድንም ይጨምራል፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰፍራል። ይህ ከተጻፈ ስልሳ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ዛሬም ችሎት የምናቀርበው አፍንጫ ነው።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ ልመስክር። ከዚህ በፊት የያዝኩት ሌላ መዝገብ ነበር። እዚያ ደም ተወስዷል። ግን መቼ? አደጋው ምሽት 1 ሰዓት፣ ደሙ በነጋታው ጠዋት 3 ሰዓት። 14 ሰዓት ሙሉ! ውጤቱ «አልኮል አልተገኘም» የሚል ነበር። እኔም ወረቀቱን ይዤ ችሎት ፊት ቆምኩ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ።

ሒሳቡን ግን አውቀዋለሁ። ሰውነት በአማካይ በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 0.15 ግራም አልኮል ያስወግዳል። በ14 ሰዓት 2.1 ግራም ነው። በአገራችን ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ልክ ደግሞ በሊትር 0.8 ግራም ነው። ማለትም ከልኩ እጥፍ በላይ ጠጥቶ የነበረ ሰው እንኳ በዚያን ጠዋት «ንጹሕ» ሊባል ይችላል። ወረቀቱ ስለ ምሽቱ የሚናገረው ነገር አልነበረም። ይህንን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ እሱም አላስረዳም። የእኔ ሥራ ደንበኛዬ ላይ ምስክር መሆን አይደለም። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ቸልታው ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። ያልሰከረው በትንፋሹ ሽታ ብቻ ይወነጀላል። የሰከረው ደግሞ ዘመድ ቤት ተደብቆ ካደረ በነጋታው ማስረጃው ከደሙ ጋር ጠፍቷል። ከገጨው ሰው ጋር የቀረና ሲረዳ የተገኘ ሹፌር ነው ይበልጥ የሚጋለጠው። እንግዲህ ሹፌሮች ይህን አያውቁም ብላችሁ ነው? ጋቢና ውስጥ የሚወራውን ብትሰሙ!

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አስፋልት ላይ የሚቆም ትራፊክ የትንፋሽ መለኪያ ይያዝ። ከመለካቱ በፊት 15 ደቂቃ ይጠብቅ፤ አፍ ውስጥ የቀረ አረቄ ቁጥሩን ያንረዋልና። መለኪያ ከሌለ ደም በዚያው ምሽት ይወሰድ። ደም የሚወስደው ባለሙያ ክንዱን በአልኮል አይጥረገው። ሰዓቱ ይጻፍ። በተለይ ሰዓቱ! እንዲህ ከሆነ እኔ ብዙ መዝገብ እሸነፋለሁ። ይሁን፣ ልሸነፍ። የአባይን በረሃ ከደጀን ቁልቁል በሌሊት የምወርደው እኔም ነኝ፤ ከፊቴ የሚመጣው ሲኖ ትራክ ማን እንደሚነዳው አላውቅም።

የተለካ ደንበኛ ሲመጣማ ምክሬ አጭር ነው። እመን፣ የሟችን ቤተሰብ በሽማግሌ ጠይቅ፣ ካስ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 እውነተኛ ጸጸትንና ካሣን የቅጣት ማቅለያ ያደርገዋል። ሽማግሌዎቻችንም ደም የሚያደርቁት በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሲሰሙ ፋይላቸውን ይዘው ወደ ሌላ ጠበቃ የሚሄዱ አሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የመከላከያ ምስክር ነው። እኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ተዝካር ነው፣ ማኅበር ነው፣ ሰርግ ነው። ሹፌሩ «መኪና ይዣለሁ» ሲል ጋባዡ «በሞቴ! አንዲት ብቻ!» ይላል። በሞቴ ከተባለ ማን እምቢ ይላል? ፆም ውሎ ባዶ ሆዱን ከሆነ ደግሞ ያቺ አንዲት ቶሎ ትወጣለች። የአንዷ ቤት ጠላ እንደ ውኃ ነው፣ የሌላዋ ቤት አናት ይመታል። ዋንጫ ላይ መቶኛ አልተጻፈ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ጋባዥ ቢሮዬ ይመጣል። «ጠበቃ፣ ብርዝ ነው የጠጣው ብዬ እመሰክራለሁ» ይለኛል። ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፍጹም ከልቡ። ልጁን ሊያድን ነው የመጣው። «አያ፣ እርስዎን ምስክር አድርጌ አልቆጥርም» እለዋለሁ። ይቀየመኛል። በሞቴ ያለው እሱ፣ በሐሰት ሊምል የመጣው እሱ፣ የሚቀየመውም እሱ።

ወደ አይሱዙው ሹፌር ልመለስ። ፍርድ ቤቱ መጠጡ አልተረጋገጠም አለ። በንዑስ አንቀጽ 2 ጥፋተኛ ተባለና ታሰረ። ነጻ አልወጣም፤ ብዙ ሰው ግን ነጻ የወጣ ነው የሚመስለው።

ያን ዕለት ከድንኳኑ ስንወጣ እኚያ አባት ክንዴን ያዙኝ።

«እና ልጄ፣ ጠጥቶ ነበር?»

«አላውቅም አባቴ።»

«ዳኛዋስ?»

«እሳቸውም አያውቁም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «የሟች ልጆችስ ቢጠይቁ ማን ይነግራቸዋል?» አሉና ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ታጠፉ።