የፍየሏ ዘይት ፋጉሎው ውስጥ ነው

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በጓሯችን ፍየል የምናረባ ሰዎች ስንገናኝ የማትቀር አንዲት ምክር አለች፦ «ለምትታለበዋ ፍየል የምግብ ዘይት ስጧት፤ ወተቷ ይወፍራል።» ምክሯ መሠረት የላትም ማለቴ አይደለም። ላም ብዙ ዘይት ስትመገብ የወተቷ ስብ ሊቀንስ ይችላል፤ በፍየል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። የስቡም ዓይነት ይለወጣል፤ የተልባ ዘይት የተጨመረላት ፍየል ወተት ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት ይበዛበታል። እኔ የምጣላው ከሒሳቡ ጋር ነው።

30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን የምትበላው መኖ፣ እርጥበቱ ሲቀነስ፣ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ጠቅላላው ስብ 6 ወይም 7 በመቶ ካለፈ በሆዷ ገለባ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። መኖው ራሱ ጥቂት ስብ ስላለው ልንጨምርላት የምንችለው ቢበዛ 40 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። በወር ከአንድ ሊትር በላይ! አሁን የእኛ ፍየል በቀን ግማሽ ሊትር ታለበች፣ የወተቷም ስብ ከ3.5 ወደ 4.5 በመቶ አደገ እንበል። በወተቷ ላይ የተጨመረው ስብ በቀን 5 ግራም ነው። 40 ሰጥቶ 5 መቀበል። የቀረው ሜዳ ላይ አይፈስም፤ ለፍየሏ ገላና ጉልበት ይሆናል። ለጉልበት ከሆነ ግን ሰው ተሰልፎ ከሚገዛው ዘይት የረከሰ መኖ አይጠፋም።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ወተቱ ለአይብ ፋብሪካ ስለሚቀርብ በስቡና በፕሮቲኑ ልክ ይከፈልበታል። እዚህስ? ቀፊራ ገበያ ወተት ተረክበው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። «አዴ፣ ወፈር ያለ ወተት ባመጣልዎ ዋጋ ይጨምሩልኛል?» አልኳቸው። ጣሳቸውን አንስተው አፉን ወደ እኔ አዞሩት። «ልጄ፣ እኔ የምሰፍረው በዚህ ነው» አሉኝ።

ሞኝነቴን አልደብቅም፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ባለፈው በጋ ሳቢያን ሰፈር ያሉት ሁለት ፍየሎቼ ከገራባ በቀር ብዙም የሚበሉት አልነበራቸውም። (ገራባ ለማያውቅ፦ ከጫት ቃሚ የተረፈው ቅጠልና እንጨት ነው፤ የከተማችን ፍየል ግማሽ ኑሮዋ በእሱ ላይ ነው።) ፉርሽካ ላይ የፓልም ዘይት በዓይን ግምት አፈሰስኩ። አንደኛዋ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ሁለተኛዋ ጥርግ አድርጋ በላች፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ዶቃ ይንጠባጠብ የነበረው በጠጧ ውኃ ሆነ። ወተቷም ከመወፈር ይልቅ ቀነሰ። ጥፋቱ የዘይቱ አልነበረም። ሳልለካ፣ ሳላለማምድ፣ በቂ ድርቆሽ ሳልሰጥ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ዘይት ፕሮቲን የሚባል ነገር የለውም። የራበው ፍየል ደግሞ ከዘይት በፊት ፕሮቲን ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ዓይኔን ወደ ምሥራቅ ሐረርጌዎቹ ባቢሌና ፈዲስ የማዞረው። የለውዝ አገር ናቸው፤ ለውዙ ሲጨመቅ ደግሞ ፋጉሎው ይቀራል። በመጭመቂያ ማሽን ብቻ ከወጣ ከ100 ኪሎ ፋጉሎ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ዘይት ሳይወጣ ይቀራል። 300 ግራም ሲሰጣት ከ15 እስከ 30 ግራም ዘይት ከነፕሮቲኑ አገኘች ማለት ነው፤ ያውም ከሰው ድስት ሳንቀማ። የኑግ ፋጉሎም ቢሆን ያው ነው። ለአርቢው ዘይት ጨምር ከማለት ጥሩ ፋጉሎ በደህና ዋጋ የሚያገኝበትን መንገድ ማበጀት ይቀድማል።

«ጥሩ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሐረርጌ ለውዝ ላይ የሚወጣው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ከመኖው ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ልጆቻችን ብርጭቆ ይሻገራል። ከተማ አስተዳደሩ ለመኖ ነጋዴዎች ፈቃድ ሲሰጥ ይህን የሚመረምር ሰው ገበያው ላይ ቢያስቀምጥልን፣ ስለ ዘይት ከሚሰጡን ምክሮች ሁሉ ይልቅ ይጠቅመን ነበር። እስካሁን ፋጉሎ ስገዛ ጆንያውን ከፍቼ የምመረምረው በአፍንጫዬ ነው። አፍላቶክሲን ደግሞ አይሸትም።