ቢዮርገን ወርቅ እስክታገኝ ዓመታት ጠብቃለች
ኖርዌያዊቷን የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ማሪት ቢዮርገንን «ከመጀመሪያው ጀምሮ በኦሊምፒክ የነገሠች» ማለት ታሪኳን ማቅለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይም ሆነ በ2006 ቱሪን ላይ ያገኘችው አንዳንድ የብር ሜዳሊያ ብቻ ነበር፤ ያውም ቱሪን የገባችው በቀደመው የውድድር ዘመን የስፖርቱን የዓለም ዋንጫ (በተከታታይ ውድድሮች ነጥብ የሚሰበሰብበትን) በአጠቃላይ ነጥብ አሸንፋ ነው። ስምንቱም የኦሊምፒክ ወርቆቿ ከ2010 ቫንኩቨር ወዲህ የመጡ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ 30 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋታል። «ልጅ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ ያሸነፈችው ተፎካካሪ ስለጠፋ ነው» የሚሉ ደግሞ በ2017 ላህቲ፣ ፊንላንድ የተካሄደውን የዓለም ሻምፒዮና ውጤት ይመልከቱ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ክላሲክ (ሸርተቴዎቹ ጎን ለጎን በተዘጋጀ መስመር የሚሄዱበት ስልት) ተከትላት የገባችው ስዊድናዊቷ ሻርሎት ካላ ናት፣ ካላ ደግሞ የዋዛ ተወዳዳሪ አይደለችም! በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይም በ37 ዓመቷ የ30 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ሁለተኛዋን ከ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ በላይ ቀድማ ጨርሳለች።