«ሳልነግረው ነገረኝ»

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ ሁለት ወጣት ሴቶች ማኪያቶ ይዘው ያወራሉ። አንደኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እመኚኝ፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ገና ቁጭ እንዳልኩ አዋቂው ሁሉንም ዘረገፈው። ከእናቴ ጋር መኳረፋችንን እንኳን ሳልነግረው ነገረኝ» አለቻት። ጓደኛዋ ማኪያቶዋን ረስታዋለች። «በናትሽ እኔንም ውሰጂኝ» አለች።

«ሳልነግረው ነገረኝ።» ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ነጋዴ ይለዋል፣ ሹፌር ይለዋል፣ ሁለት ዲግሪ ያለው ሰውም ይለዋል። የሚሉት ሰዎች አይዋሹም። ያመኑትን ነው የሚናገሩት። ግን ተሳስተዋል። ነግረውታል። መንገራቸውን ነው ያላወቁት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ጠንቋይ ቤት ሄድኩ» የሚል ሰው በቀላሉ አታገኙም። «አዋቂ ቤት» ነው የሚባለው። ቃሉ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሰውየውን አንዴ አዋቂ ካልነው በኋላ ግምቱን እንደ ግምት አንሰማውም።

አክስቴ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር የምትኖረው። ቀበሌ ቤት ነው። በግቢው ውስጥ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ማድቤት። ግድግዳ ከምትጋራት ጎረቤቷ ጋር 20 ዓመት ሙሉ ቡና ተጠራርተዋል። አክስቴ ሥራ ስትውል እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ምሳ የምበላው እዚያች ሴት ቤት ነበር። እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት።

አንድ ቀን የአክስቴ የዕቁብ ገንዘብ ጠፋ። 12 ሺህ ብር። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። ፍራሽ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። ቤቱ ተገለባብጦ ተፈተሸ፣ የለም። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል እንደሚባለው፣ በሦስተኛው ቀን መርካቶ አካባቢ ወዳለ አንድ አዋቂ ሄደች። ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔን ይዛኝ ሄደች። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ሁሉንም አየሁ።

«ልብሽን የከበደው ነገር አለ» አላት። ልቡን የከበደው ነገር የሌለው ሰው እዚያ ቤት ምን ይሠራል? አክስቴ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«የጤና...» አለና ትንሽ ቆየ። አክስቴ ፊቷ አልተለወጠም። «...አይደለም። የገንዘብ ነገር ነው።» አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ፈጧል። ሰውየውም አያት።

«ከሩቅ አልመጣም። ከደጅሽ ነው።» አሁንም ነቀነቀች። «ወንድ... የወንድ እጅ ይታየኛል።» ዝም አለች። «ከጀርባው ግን ሴት አለች። ጠይም፣ ደልደል ያለች። ጥርሷ ይስቃል፣ ሆዷ ሌላ ነው። ስሟ በ‹አ› ወይም በ‹ወ› ይጀምራል።» እስኪ የምታውቋቸውን እናቶች ስም ቁጠሩ። አልማዝ፣ አበበች፣ አስቴር፣ ወርቅነሽ፣ ወይንሸት። ፒያሳ ላይ ቆማችሁ በሁለቱ ፊደላት ብትጣሩ ስንቱ ዞር ይላል!

ይሄኔ አክስቴ የጎረቤቷን ስም ራሷ ጠራችው። እንደ ጥያቄ ነበር የጠራችው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ «አዎ፣ እሷ ናት» አለ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ስሟን ሳይቀር ጠራው እኮ!» አለችኝ። ከወጣን ገና 20 ደቂቃ አልሞላንም። «ስሟን ያልሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ተቆጣች። ልቧ የምር አላስታወሰውም። የወንድ እጅ ይታየኛል ያለውንም ረስታዋለች። የሳተው ሁሉ ጠፍቶ፣ የነካው ብቻ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ፈረስ ላውራችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። ፈረሱን «5 ሲደመር 3 ስንት ነው?» ሲሉት 8 ጊዜ በኮቴው መሬት ይመታና ያቆማል። ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ቀን ይቆጥራል። በ1904 እ.ኤ.አ. ምሁራን ተሰብስበው አዩት፤ ምንም ማጭበርበር አላገኙም። ባለቤቱም ሰው አላታለለም። ለማየት የመጣን ሰው ገንዘብ እንኳን አያስከፍልም ነበር።

ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን አንድ ቀላል ነገር አደረገ። መልሱን የማያውቅ ሰው ፈረሱን እንዲጠይቀው አደረገ። ፈረሱ ጠፋበት። ጠያቂውን እንዳያየው ሲደረግም እንዲሁ ጠፋበት። በ1907 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ጽፎ አወጣው። ሰው ፈረሱን ሲጠይቅ ኮቴውን ለማየት ትንሽ ጎንበስ ይላል። ቁጥሩ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል። ፈረሱ የሚያነበው ይህንን ነው። ሂሳቡን የሚሠራው ጠያቂው ነበር። የሚገርመው ደግሞ ፕፉንግስት ይህን ካወቀ በኋላም ራሱን ለመቆጣጠር ተቸግሯል። አልነግርም ብሎ ቆርጦ ቆሞ፣ ሰውነቱ ይነግርበታል።

ፈረስ የሰውን አንገት አይቶ ይህን ያህል ካወቀ፣ 30 ዓመት ፊት ለፊቱ የተጨነቀ ሰው ሲያይ የኖረ ሽማግሌ ምን ያህል ያውቃል? አንዳንዱ አዋቂ አታላይ ላይሆን ይችላል። እሱም እንደ ፈረሱ ባለቤት ከልቡ ያመነ ይሆናል። ከዓይናችን የለቀመውን መንፈስ የነገረው ይመስለዋል። ስለዚህ «ሰውየው እኮ ቅን ነው፣ ብር እንኳን አልጠየቀኝም» የሚለው ክርክር እኔን አያሳምነኝም። ቅንነቱ አዋቂ አያደርገውም።

ፊታችንን ሳያዩ ኮከብ የሚቆጥሩልንስ? ያኛው መንገድ ሌላ ነው። አውደ ነገሥት ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ አይጠፋም። ስሌቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእናንተንና የእናታችሁን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ትለውጣላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ በ12 ትገድፋላችሁ። የቀረው ቁጥር ኮከባችሁ ነው። ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን... ስሞቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ቆየት ያለ ቅርስ ነው፤ እንደ ቅርስ እወደዋለሁም። ግን ሂሳቡን እንሥራው። ከተማችን 4 ሚሊዮን ሰው ብቻ አላት ብንል ለአንዱ ኮከብ ከ330 ሺህ በላይ ሰው ይደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ያገባ አለ፣ ዛሬ የተፋታ አለ፣ ዛሬ የተቀበረም አለ። ሁሉም አንድ ገጽ ነው የሚያነበው።

ታዲያ ለምን «ልክ እኔን ነው» እንላለን? በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መለኪያ ፈተና ሰጣቸው። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው «ይህ ያንተ ውጤት ነው» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን የሁሉም አንድ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹን ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው የለቀማቸው። ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፣ በራስህ ላይ ትጨክናለህ፣ አንዳንዴ ተጫዋች ነህ አንዳንዴ ዝምተኛ፣ የሚል ነገር ነው። በእኛ ቋንቋ «ለሰው ትለፋለህ፣ ሰው ግን አያመሰግንህም» ማለት ነው። ይህን ተብሎ «ኧረ እኔ አይደለሁም» የሚል ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ስምና የእናት ስም በቴሌግራም ይላካል፣ ገንዘቡ በስልክ ይተላለፋል፣ መልሱ በድምፅ ይመጣል። ከማያውቁት ሰው «ባለፈው ዓመት ሐዘን ነበረብሽ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ማን አይደነግጥም? ያንን ሐዘን ግን እኛው ራሳችን ጥቁር ለብሰን ፌስቡክ ላይ ለጥፈነዋል። ድሮ ይህ ብዙ ድካም ነበረው። ፒተር ፖፖፍ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ በአዳራሽ የታማሚዎችን ስምና አድራሻ ይጠራ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ራንዲ የተባለ አስማተኛ፣ የመድረክ ትርዒት የሚሠራ ማለቴ ነው፣ ከቡድኑ ጋር በሬዲዮ መቀበያ ጠለፈው። ሚስቱ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት ከሞላው ካርድ ላይ እያነበበች በ39.17 ሜጋኸርዝ ጆሮው ውስጥ ትነግረው ነበር። ይህን ስል እምነትን መንካቴ አይደለም። እኔም አማኝ ነኝ። ሰው ለአምላኩ መጸለዩና በሰው ጎረቤት ላይ ጣት የሚቀስር ሰው ማመኑ ለእኔ ለየቅል ናቸው።

ይኸው ራንዲ ማንም ከተፈጥሮ በላይ ኃይል እንዳለው በተስማሙበት ፈተና ካሳየ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ የሚል ውድድር ነበረው። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ቆየ። ከ1,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ። ገንዘቡን የወሰደ የለም።

ሚሊዮን ዶላር አያስፈልገንም። አምስት ፖስታ ይበቃል። በአንዱ 200 ብር ክተቱ፣ በሌሎቹ የብሩን ያህል የታጠፈ ወረቀት። ብሩ የትኛው ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው ሰው ከክፍሉ ይውጣ። ይህ ዋናው ነገር ነው፤ ፈረሱን አስታውሱ። ሌላ ሰው ፖስታዎቹን ይዞ ይግባና አዋቂው ይምረጥ። 10 ጊዜ ይደገም። በግምት ብቻ 2 ጊዜ ገደማ ይገኛል። 9 ጊዜ ካገኘ እኔ ይቅርታ ጠይቄ ሐሳቤን እቀይራለሁ። የጠፋ ገንዘብ አገኛለሁ የሚል ሰው ይህን እንቢ ካለ ለምን እንቢ እንዳለ ጠይቁት። ፈተናው ከበዛባችሁም ድምፁን ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ቤት ገብታችሁ፣ ተረጋግታችሁ ስሙት። ስሙን ማን እንደጠራው ያኔ ይሰማል።

ሰዎች «ምን ቸገረህ፣ ገንዘባቸው ነው» ይሉኛል። ገንዘቡ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አዋቂ ቤት ጥፋተኛው ለምን ሁልጊዜ የቅርብ ሰው እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤት፣ ምራት፣ የባል እህት፣ የቤት ሠራተኛ። ሩቅ ያለን ሰው ቢገልጽልን ፊታችን ስለማይለወጥ ነው። ፊታችን የሚለወጠው ቀድሞ ትንሽ ቅር ያለችን ሰው ላይ ሲደርስ ነው። አክስቴና ጎረቤቷ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በማድቤት ተራ ተቀያይመው ነበር። ሰውየው ያቺን ትንሽ ቅሬታ ከፊቷ ላይ አንስቶ፣ የሌብነት ማስረጃ አድርጎ መለሰላት። የተከሰሰችው ሴት ደግሞ እዚያ የለችም። መልስ መስጠት አትችልም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስትሆንማ ደመወዟን እንኳን ሳትቀበል በሌሊት ትባረራለች።

አክስቴ ጎረቤቷን ፊት ለፊት ሌባ አላለቻትም። ቡናውን ብቻ አቆመችው። እትዬ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ሁለት ጊዜ መጥታ በሩን አንኳኩታለች። እኔ ቤት ነበርኩ። አልከፈትንም።

ገንዘቡ እስከዛሬ አልተገኘም። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ሰፈሩም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ነዋሪው ተበታተነ። አክስቴ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ እትዬ በሌላ በኩል።

ዘንድሮ ለፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ አክስቴ ቡና አፈላች። ሁለተኛው እንደተቀዳ «ያቺ ሴትዮ ስልኳ ይኖርህ ይሆን?» አለችኝ። ከዕድሩ ጸሐፊ ተቀብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ከረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ትናንት ጠየቅኋት። ገና አልደወለችም።